ባለ ሃያ አራት ቁልፉ ጎብኚ

አስተዳዳሪያችንን ከማየታችን በፊት እንሰማው ነበር። የሕንፃውን የሃያ አራት ክፍሎች መለዋወጫ ቁልፎች በአንድ ቀለበት አስሮ ቀበቶው ላይ ስለሚያንጠለጥላቸው፣ በተራመደ ቁጥር ቅጭል ቅጭል ይላሉ። ከዚህም የተነሣ ተከራዩ ሁሉ በሌለበት «አቶ ቅጭልጭል»፣ ባለበት ደግሞ «አቶ አስተዳዳሪ» ይለው ነበር።

ቅጭልጭታው ለእኛም ጥቅም ነበረው። አስተዳዳሪው ማንኳኳት የሚባለውን ሥነ ሥርዓት ከናቀው ቆይቷል፤ ስለዚህ ድምፁ ከኮሪደሩ ጫፍ ሲሰማ፣ ገላውን የሚለቃለቀው ፎጣውን ይጎትታል፣ የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ለጊዜው ይታረቃሉ፣ በድብቅ ድመት የምታሳድገው ጎረቤታችንም ድመቷን አልጋ ሥር ትሸጉጣለች። እሱም ቁልፉን አዙሮ አንገቱን ብቅ ያደርግና «ቁጥጥር ነው» ይላል። ምኑን እንደሚቆጣጠር የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። በሦስተኛው ፎቅ በክፍል ሃያ አንድ አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች፤ እዚያው ትሰፋለች፣ እዚያው ትተኛለች። ሕግ ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ ስገባ እናቴ ወደ እሷ ላከችኝ። በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ደረጃ ላይ ስለተከመረ ቆሻሻ ስከራከር አንድ አንቀጽ በቁጥሩ ጠቀስሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ተረሳና «አንቀጽ» ተባልሁ። «አንቀጽ፣ እስቲ ይህቺን ዘንቢል ያዥልኝ» ይሉኛል።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። አክስቴ ተንበርክካ፣ ስፒሎች በከንፈሮቿ መካከል ይዛ፣ የአንዲት ደንበኛዋን ቀሚስ ጠርዝ ትለካለች። ደንበኛዋ ከወገቧ በላይ በውስጥ ልብስ ብቻ ነበረች። ምንም ድምፅ አልተሰማም። አክስቴ ቀና ስትል በመስታወቱ ውስጥ የተከፈተውን በርና በሩ ላይ የቆመውን አስተዳዳሪ አየች። ቁልፎቹ በነጭ መሐረብ እንደ ታመመ ጣት ተጠቅልለው በእጁ ውስጥ ነበሩ።

«ቧንቧ ያንጠባጥባል ተብዬ ነው» አለ፤ ዓይኑን ግን አልነቀለም።

በክፍላችን ውስጥ ቧንቧ የለም። ውኃ የምንቀዳው ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው።

ደንበኛዋ ያልተሰፋ ጨርቋን ጠቅልላ ሄደች፤ ለወዳጆቿም ነገረች። አክስቴ በዚያው ቀን የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር ጎትታ በሩ ላይ አስደገፈችው። ከዚያ ወዲያ ሰው ባንኳኳ ቁጥር ያ ብረት ይጎተታል፣ ሰው በወጣ ቁጥር ይመለሳል። አይጥ በጫማዋ ጀርባ የምትደበድብ ሴት፣ አሁን ኮሪደሩ ጸጥ ሲል መቀሷን ታነሣ ጀመር። ቅጭልጭታው ሲሰማ ትረጋጋለች፤ የሚያስፈራት የቅጭልጭታው መጥፋት ነበር።

ከውስጥ መቀርቀሪያ ላስገባ ብላ ጠየቀችው።

«በሩ የሕንፃው ንብረት ነው» አላት። «አንድ ምስማር ብትመቺበት ውልሽ ይፈርሳል። ደግሞ ምን የምትደብቂው ነገር ኖሮሽ ነው?»

ውሉ በወሩ መጨረሻ ይታደስ ነበር። አክስቴ ካርቶን መሰብሰብ ጀመረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደንበኞቿ «ሦስተኛ ፎቅ፣ ሃያ አንድ» እያሉ እየተጠቋቆሙ የመጡባትን ክፍል ልትለቅ ነው፤ እንጀራዋም ከክፍሉ ጋር ሊሄድ ነው። ቀኑን ስቆጥረው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶን ነበር።

እኔም እንደ ትምህርቴ አደረግሁ። ሁለት ቀን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ሰባት ገጽ አቤቱታ አዘጋጀሁ። መግቢያ፣ የፍሬ ነገር ትንታኔ፣ አሥራ አራት የግርጌ ማስታወሻና «በመሆኑም» የሚል ቃል በየአንቀጹ መጀመሪያ ነበረው። ከግቢው ማዶ ካለችው ቢሮው ድረስ ሄጄ በሁለት እጄ አቀረብሁለት። አስተዳዳሪው የመጀመሪያውን ገጽ በክብደቱ ሊገምተው እንደፈለገ ሁሉ ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ስንተኛ ዓመት ነሽ?»

«ሁለተኛ።»

«ከክፍልሽ ስንተኛ?»

«አንደኛ» አልሁ፤ ይህ ለክርክሩ ይጠቅመኛል ብዬ።

«ጎበዝ። እንግዲያው የአክስትሽን ውል ዘጠነኛ ቁጥር አንብቢልኝ።»

በቃሌ አውቀው ነበር። «አስተዳዳሪው የተከራዮችን ክፍሎች በማናቸውም ጊዜ መጎብኘት ይችላል» ይላል።

«በማናቸውም ጊዜ» አለና አቤቱታዬን አራት ላይ አጥፎ፣ ከሚወዛወዘው ጠረጴዛው አንደኛው እግር ሥር ወተፈው። ጠረጴዛውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «ይኸው፤ ትምህርትሽ አልባከነም። ቆመ።»

አልዋሽም፤ ደረጃው ላይ አለቀስሁ። ያለቀስሁበት ቦታ የእትዬ መምህር በር መሆኑን ያወቅሁት በሩ ሲከፈት ነው።

እትዬ መምህር ሠላሳ ስምንት ዓመት ቋንቋ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ቀይ እስክሪብቶ ግን ጡረታ አላወጡትም፤ የመድኃኒት ማዘዣ ሳይቀር ያርማሉ። ቁጭ አድርገው ሻይ ሰጡኝና ውሉን ጠየቁኝ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዘጠነኛውን ቁጥር ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እንደ ልጅ ሳቁ።

«ማን ነው ይህን የጻፈው?»

«ራሱ ነው፤ አስተዳዳሪው።»

«መፈተሽ አላለም። መቆጣጠርም አላለም። 'መጎብኘት' ነው ያለው። አንቺ የሕግ ሰው፣ የሚጎበኝ ሰው ምን ይባላል?»

«ጎብኚ» አልሁ።

«እስቲ ውረጅና በሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አንብበሽ ነይ።»

መውረድ አላስፈለገኝም። ያን ሰሌዳ ሁላችንም እንጠላው ነበር። ባለፈው ዓመት፣ ተከራዮች ዘመድ እያሳደሩ ሕንፃውን አጨናነቁት ብሎ ሁላችንም «እሜቴ» ለምንላቸው ለሕንፃው ባለቤት ነግሮ፣ በማኅተማቸው አስጸድቆ የሰቀለው ነው። ያን ጊዜ እትዬ መምህር ታች ወርደው «እንግዳ በል እንጂ ምን ጎብኚ ትላለህ፤ ሙዚየም ነው እንዴ?» ብለው ተከራክረውት ነበር። እሱም ክራቫቱን አስተካክሎ «ዘመናዊው አነጋገር ጎብኚ ነው» አላቸው። ሰሌዳው አራት ደንቦች አሉት፦ ጎብኚ ሁሉ ስሙንና ጉዳዩን ያስመዘግባል፤ ጎብኚ መታወቂያውን በር ላይ ያስይዛል፤ ጎብኚ የሚጎበኘው ተከራይ ወርዶ ካልተቀበለው ደረጃውን አይወጣም፤ ጎብኚን ሳይመዘግብ ያሳለፈ ዘበኛ ከሥራው ይሰናበታል። መዝገቡም በየወሩ መጨረሻ ለእሜቴ ይቀርባል።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉ እትዬ መምህር። «የብዕር ወለምታ ደግሞ ማኅተም አለው።»

ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ አሥራ አራት የግርጌ ማስታወሻ ስፈልግ፣ በየቀኑ በሥሩ የማልፈውን ሰሌዳ ሳላስተውል ቀረሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

ቀጥሎ ዘበኛው ነበር። የሕንፃችን ዘበኛ በደረጃው ሥር ትንሽ ጠረጴዛ አለችው፤ በጠረጴዛዋም ላይ ከመዝገቡ በቀር ምንም አያስቀምጥም። ስሙ «ጋሽ ይመዝገብ» ነው። ደንብ የተባለን ነገር ቃል በቃል የሚወስድ ሰው ነው፤ ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴት ወልዳ ከሆስፒታል ስትመለስ ሕፃኑን እንኳ አላሳለፈውም። ገጹ እስከ ዛሬ አለ፦ «የጎብኚ ስም፦ ገና አልወጣለትም። መታወቂያ፦ የለውም፤ እናቱ ዋስ ናት። ጉዳይ፦ መኖር።»

እትዬ መምህርና እኔ ውሉንና ሰሌዳውን አጠገብ ለአጠገብ አሳየነው። ጋሽ ይመዝገብ አንዱን አነበበ፣ ሌላውን አነበበ፣ ከዚያም ፊቱ ላይ እውነተኛ ድንጋጤ አየሁ።

«ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ ዓመት ሙሉ አንድ ጎብኚ ሳይመዘገብ ሲያልፍብኝ ኖሯል ማለት ነው?»

«እንደዚያ ይመስላል ጋሼ» አልሁት።

«ለምን አልነገራችሁኝም? እኔ እኮ የልጆች አባት ነኝ።» ወዲያው አዲስ ገጽ ገልጦ በማስመሪያ አሰመረ።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። በሦስት ሰዓት ገደማ አስተዳዳሪው እየተቅጨለጨለ ግቢውን አቋርጦ መጣ። እኔ ደረጃው ላይ መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ገጹን ግን አልገለጥሁትም።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ» አለ ጋሽ ይመዝገብ፣ ብድግ ብሎ መንገዱን እየዘጋ። «ማንን ፈልገው ነው?»

«ምን ማለትህ ነው? ሦስተኛ ፎቅ ልሄድ ነዋ።»

«ተከራይ ነዎት?»

«ታምመሃል እንዴ?»

«አልታመምሁም፣ ይመስገን። ተከራይ ካልሆኑ ጎብኚ ነዎት።»

«እኔ አስተዳዳሪ ነኝ።»

«እሱማ ሥራዎ ነው። እኔ የምጠይቀው አመጣጥዎን ነው። ክፍሎችን ሊጎበኙ ነው የመጡት?»

አስተዳዳሪው ዞር ብሎ አየኝ። ፈገግ አለ፤ ነገሩ የተማሪ ጨዋታ መስሎት ነበር። «አዎ፣ በውሉ ቁጥር ዘጠኝ መሠረት ልጎበኝ ነው» አለ ቃላቱን እየረገጠ።

«ይመዝገብ» አለ ዘበኛው፣ ደስታው ፊቱን ሞላው። «መታወቂያ።»

ሳቀና ሰጠው፤ ሰሌዳው የገዛ ራሱ ልጅ ነውና እንዴት ይክደው። የጉዳዩን ዓምድ ሲሞሉ «ቁጥጥር በል» አለ፤ ጋሽ ይመዝገብ ግን ውሉ ላይ ያልተጻፈ ቃል በመዝገቡ አላሰፍርም ብሎ «ጉብኝት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በደረጃው ወደ ላይ ቀና ብሎ ሕንፃው እስኪሰማ ተጣራ። «ክፍል ሃያ አንድ፣ ጎብኚ መጥቶብሻል።»

አክስቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ከሦስተኛው ፎቅ መከታ ላይ ብቅ አለች። መከታውን በሁለት እጇ ጨበጠች። 

«ዛሬ አይመቸኝም» አለች።

ሦስት ቃል እንኳ አትሞላም። ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ ሕንፃ እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«አልተመቻትም» አለ ጋሽ ይመዝገብ እየጻፈ። «ጎብኚው ተመለሰ። መታወቂያዎ ይኸውልዎ ጌታዬ፤ ሌላ ቀን ይሞክሩ።»

አስተዳዳሪው አሁን አልሳቀም። «አንተን ዛሬ ነው የማባርርህ።»

«ማባረር ይችላሉ። በአራተኛው ደንብ የሚባረረው ግን ያልመዘገበ ዘበኛ ነው። የመዘገበ ዘበኛ የሚባረርበትን ደንብ ይጻፉልኝ፤ በእሜቴ ማኅተም ይምጣ እንጂ እኔው ራሴ እሰቅለዋለሁ።»

ሰሌዳውንም ማንሣት አልቻለም፤ ማኅተም የተደረገበት ነው። እሜቴን «ያንሡልኝ» ለማለት ደግሞ ለምን እንዳስቸገረው መናገር ሊኖርበት ነው። ስለዚህ በእልህ ይመላለስ ጀመር። የዚያን ሳምንት መዝገብ ተከራዩ እንደ ጋዜጣ ወርዶ ያነበው ነበር።

«ማክሰኞ፣ 4፡20። ክፍል ዘጠኝ። ተከራዩ ተኝቷል፤ ተኝቻለሁ ብሎ ራሱ ተናገረ።»

«ማክሰኞ፣ 9፡05። ክፍል ሃያ አንድ። ተከራይዋ ስፒል በአፏ ስለያዘች መልስ አልሰጠችም። ጎብኚው ሩብ ሰዓት ጠብቆ ተመለሰ።»

«ረቡዕ፣ 3፡00። ክፍል አሥራ ሁለት። ተከራይዋ (እትዬ መምህር) ጎብኚው ጉዳዩን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ጠየቁ። አቀረበ። አርመው መለሱለት።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አስተዳዳሪው አክስቴ ትጠግንልኝ ብሎ ኮቱን ዘበኛው ዘንድ ትቶ ሄደ። ገበሩ ተተርትሮ ነበር፤ አክስቴ ድሮም ኮቱን በነጻ ትጠግንለት ስለነበር የአሁኑ ጠብ ያን ልማድ ይነካል ብሎ አላሰበም። ጋሽ ይመዝገብ ኮቱን አገላብጦ አየውና «ኮት ጎብኚ አይደለም፤ ይለፍ» አለ።

«ልትሠሪለት ነው?» አልኋት አክስቴን። ደሜ ፈላ።

«መርፌ ያለው ሰው በምላሱ አይጣላም፣ የኔ ልጅ» አለች። ከቁልፍና ከዚፕ መያዣ ቆርቆሮዋ ውስጥ፣ ከሕፃናት ቴአትር ልብስ የተረፉ ሦስት የነሐስ ቃጭሎች አወጣች፤ እያንዳንዳቸው ሽምብራ ያህላሉ። ከኮቱ ጀርባ ጠርዝ፣ በገበሩና በጨርቁ መካከል አስገብታ በጥንቃቄ ሰፋቻቸው።

«አክስቴ፣ ይህ የሌላ ሰው ንብረት መነካካት ነው።»

«ጥገና ነው። የጎደለውን ነው የሞላሁለት፤ አንዳንድ ቀን ድምፁ ይጎድልበታል።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ከማክሰኞው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ድምፁን ይሰማዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሰማውም። ያን ያህል ዓመት ቀበቶው ላይ ሲቅጨለጨል የኖረ ጆሮ፣ ሦስት ሽምብራ ቢጨመርበት ምን ይለያል። ኮቱን ከጋሽ ይመዝገብ እጅ ተቀብሎ፣ ለብሶ፣ ትከሻውን አስተካክሎ፣ ምስጋና ሳይሰጥ ሄደ።

«የፊት በር የተዘጋበት ሰው በጓሮ ይዞራል» አለች አክስቴ። ልብስ ማስጫው ሰገነት ላይ የሚያደርስ የኋላ ደረጃ አለ፤ ጠባቂ የለውም። ጋሽ ይመዝገብ ደግሞ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ጥግ ዞር ይላል። ይህን ሕንፃው ሁሉ ያውቃል፤ አስተዳዳሪውም ያውቃል። ስለዚህ አክስቴ ጋሽ ይመዝገብን ምሳ ጋበዘችው፤ እትዬ መምህርንም። የስፌት መኪናዋንም በገዛ እጇ ከበሩ ላይ አነሣችው። ይህን ስታደርግ ሁለት ጊዜ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ላግዝሽ ብላት እምቢ አለች።

ሐሙስ አልመጣም። ዓርብ እኔ ከትምህርት ቀረሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እትዬ መምህር የይቅርታ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ አሉ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ በመስኮቱ በኩል ሰማነው። ከኋላው ደረጃ፣ ቅ፣ ቅጭ፣ ቅጭል፤ በጣም ቀጭን፣ እንደ ጫጩት። ጋሽ ይመዝገብ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ እጁን በመሐረቡ ጠርጎ፣ መዝገቡን ከጉያው አወጣ። አክስቴ በሩን ፊት ለፊት ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጠላለፈቻቸው።

ቁልፉ ዞረ። አስተዳዳሪው ወደ ኋላው እየሄደ ገባ፤ ኮሪደሩን እያየ፣ ማንም እንዳላየው እያረጋገጠ። በሩን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ዘጋው። ከዚያ ዞረ።

«እንኳን ደኅና መጡ» አለ ጋሽ ይመዝገብ። «ስም?»

አስተዳዳሪው አራታችንንም በየተራ አየን። የፈተና ክፍል በር ስቶ የገባ ተማሪ ይመስል ነበር።

«አንተ ምሳ ሰዓትህ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ምሳዬን ነው የማቋርጥልዎ። የገቡበት በር፣ የኋላ። ጉዳይ?»

«ቧንቧ» አለ፤ ከልማድ የተነሣ መሰለኝ። «ቧንቧ ያንጠባጥባል ተብዬ ነው።»

«የትኛው ቧንቧ?» አሉ እትዬ መምህር።

አስተዳዳሪው ግድግዳዎቹን ቃኘ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፤ መጋረጃውን ሳይቀር ገለጥ አደረገ።

«ወደፊት... ሊገባ የታሰበው» አለ።

ጋሽ ይመዝገብ በፍጹም ቁም ነገር ጻፈ፤ እየጻፈም ጮክ ብሎ አነበበ። «ጉዳይ፦ ገና ያልገባ ቧንቧ ማንጠባጠቡ።» ከዚያ በእስክሪብቶው የአስተዳዳሪውን እጅ አመለከተ። «በመሐረብ የያዙትስ?»

«ቁልፍ ነው። ሌላ ምን ይሆናል።»

«ለምን ተጠቀለለ?»

እጁን ወደ ጀርባው ወሰደ።  ያ መሐረብ ሁላችንንም ከጨዋታው አወጣን።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ ጋሽ ይመዝገብ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጻፍ ጋሼ» አለች አክስቴ። ዓይኗን ከአስተዳዳሪው አልነቀለችም። «'እንዳልሰማው' ብለህ ጻፍ። እኔ እፈርምበታለሁ።»

ፈረመች። እትዬ መምህርም በምስክርነት ፈረሙ፤ በቀይ።

አስተዳዳሪው የወጣው በፊት ለፊቱ ደረጃ ነው። ሲወርድ ቁልፎቹ ተጠቅልለው ነበር፤ ጀርባው ግን እስከ ምድር ቤት ድረስ ቅጭል ቅጭል አለ።

እሜቴ፣ የሕንፃው ባለቤት የሆኑት ባልቴት፣ ቅዳሜ የወሩን መዝገብ ሊያነቡ መጡ። ከሰው ይልቅ ጽሑፍ የሚያምኑ ሴት ናቸው፤ በጋሽ ይመዝገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በአጉሊ መነጽር፣ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ አነበቡ። አስተዳዳሪው አጠገባቸው ቆሟል። ሌላ ጊዜ በዚህ ቀን ዘመድ የበዛበትን ተከራይ ይጠቁማቸው ነበር።

«ይህ ጎብኚ ማነው?» አሉ። «በአንድ ሳምንት አሥራ ሰባት ጊዜ መጥቷል። ሥራ የለውም?»

 ገጹን ገለጡ። የዓርቡ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። አጉሊ መነጽሩን አስቀመጡ።

«ሃያ አንድ ቁጥር የታለች?»

አክስቴ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ወጣች።

«ለምን አልነገርሽኝም አንቺ ልጅ?»

«አቤቱታ የሚቀበለው እሱ ነው እሜቴ» አለች አክስቴ። «በሩንም የሚከፍተው እሱ ነው። በስፌት መኪናዬ በሩን ዘግቼ ነው የምተኛው። ካርቶን ጨርሼ ሰብስቤያለሁ፤ ሰኞ ልወጣ ነበር።»

እኔ ያን ጊዜ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ሰባቱ ገጾች አልነበሩም፤ አንደኛው ቅጂ ጠረጴዛ ደግፏል፣ ሁለተኛውን አክስቴ ይቅርታ ጠይቃ የእጅጌ ልክ ቆርጣበታለች። ይህኛው ግማሽ ገጽ ነው። ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ከውስጥ መቀርቀሪያ እንዲፈቀድ፣ አስተዳዳሪው ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ሳያስታውቅና ሳያንኳኳ እንዳይገባ፣ መለዋወጫ ቁልፎቹም ከእጁ እንዲወጡ። ከታች የአሥራ ዘጠኝ ተከራዮች ፊርማ አለ። ድመት የምትደብቀዋ ሴት እንኳ ፈርማለች፤ ድመቷን ሳትጠቅስ።

«ማን ነው የጻፈው? አጭር ነው፤ ጥሩ ነው» አሉ እሜቴ።

«ረጅም ነበር» አሉ እትዬ መምህር። «አረምነው።»

እሜቴ ለአስተዳዳሪው እጃቸውን ዘረጉ። «ቀለበቱን ስጠኝ።»

«እሜቴ፣ ውሉ ላይ እኮ መጎብኘት ይችላል ተብሎ...»

«ተጽፏል። ሰሌዳውም ላይ ተጽፏል፤ ሁለቱንም አንተ ነህ የጻፍካቸው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።»

ሃያ አራቱ ቁልፎች ከቀለበቱ ወጡ፤ እያንዳንዱም በፖስታ ታሸገ፣ በእሽጉ ላይ የየክፍሉ ተከራይ ፈረመበት፣ ፖስታዎቹም በእሜቴ ሣጥን ሊቀመጡ ሄዱ። ቤት ቢቃጠል ወይ ቢጥለቀለቅ እንጂ አይከፈቱም ተባለ። የቀሩትንም ሁለት ጥያቄዎች ፈቀዱ።

«እኔስ ታዲያ ምን ልሥራ?» አለ አስተዳዳሪው። ባዶው ቀለበት በጣቱ ላይ ተሰክቶ ነበር።

«ሦስተኛ ፎቅ ቧንቧ ያንጠባጥባል ስትል አልነበር?» አሉ እሜቴ ከወንበሩ እየተነሡ። «አስገባው።»

መቀርቀሪያውን የገጠምነው እሑድ ጠዋት ነው። አክስቴ አራቱንም ብሎን ራሷ አጠበቀቻቸው። የስፌት መኪናው ወደ መስኮቱ ተመለሰ፤ በካርቶኖቹ ውስጥ አሁን ጨርቅ ይቀመጣል። በሩን ቀርቅራ፣ ከፍታ፣ እንደገና ቀርቅራ፣ ጆሮዋን ወደ ድምፁ አዘነበለች። ከዚያ እግሯን ዘርግታ እኩለ ቀን ላይ እንቅልፍ ተኛች።

ማክሰኞ ዕለት በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በትሕትና።

አክስቴ ተነሣች፤ ግን ወዲያው አልሄደችም። ክሯን በመርፌው ቀዳዳ አሳለፈች፣ ጫፉን ቋጠረች፣ ቀሚሷን አራገፈች።

«ማነው?» አለች። ቃሉን አጣጥማ ነበር ያለችው።

«እኔ ነኝ... ጎብኚ» አለ ከውጭ። «ስለ ቧንቧው። ትናንት ወረቀት በበሩ ሥር አስገብቼ ነበር።»

መቀርቀሪያውን ሳበች። ግድግዳውን ለካ፣ ልኩን ጻፈ፣ ዓይኑን ከሜትሩ አላነሣም። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ ጆሮውን ጎረጎረ።

«ይቅርታ፣ እናንተ የሚሰማችሁ ነገር አለ? ቁልፎቹን ካስረከብሁ ወዲህ እንኳ አንድ ነገር ይቅጨለጨልብኛል። ጆሮዬ መሰለኝ። ሐኪም ዘንድ ልሄድ ነው።»

«ምንም አይሰማኝም» አለች አክስቴ። «ከልማድ ይሆናል።»

በሩ ሲዘጋ ወደ እሷ ዞርሁ። በደሉ ቆሟልና ፍትሕ ቃጭሎቹ እንዲፈቱ ይጠይቃል አልኋት፤ ሁለት ምክንያትም አቀረብሁ። አክስቴ ሁለቱንም በጥሞና አዳመጠች፤ በመኪናዋ ፊትም ተቀመጠች።

«ልክ ነሽ አንቀጽ» አለች እግሯን ፔዳሉ ላይ እያሳረፈች። «ቧንቧው እንደገባ እፈታለታለሁ። ውኃው መጥቶ፣ ከፍቼ፣ ዘግቼ፣ አለማንጠባጠቡን ካረጋገጥሁ በኋላ።»